መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም

ነቀምቴ፣ ሐምሌ 7 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ሚስት፣ ለምወድሽ ለአዲስአለም፤

ሌሊቱን በሰላም አሳድሮ ቀኑን በጸጋው የሚያውለን ጌታ አንቺንና ልጅሽን ዶርቃን ይጠብቅልኝ። እኛ ስሙ ይመስገን፣ አለን። የገመዳን ስም ከሰላምታው የተውሁት ረስቼው አይደለም። ደብዳቤውን በቤታችሁ አድራሻ ሳይሆን በሽማግሌያችሁ በዘመድኩን ስም የላክሁትም በምክንያት ነው። እንግዲህ ቁጭ በይ። ገመዳ አጠገብሽ ካለ አጥፈሽ አስቀምጪውና እሱ ሥራ ሲሄድ አንብቢው።

አባታችን አባባ ኡርጌሳ ሰኔ 28 ቀን አረፉ። ሳንባቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን በድሬሰርነት የሰው ቁስል ሲያክሙ ኖረው የራሳቸውን ግን ለማንም ማሳየት አልወደዱም፤ በእኔ ቤት ተኝተው አለፉ። በዚህ ከተማ የእሳቸውን መርፌ ያልቀመሰ ስለሌለ ቀብራቸው ላይ ያልመጣ ሰው አልነበረም።

ገመዳ ምን ያህል እንደነገረሽ አላውቅም፤ ከእሱ አፍ ነገር ማውጣት ከድንጋይ ውሃ እንደ መጭመቅ ነው። እሱ ወደ ሱዳን በተሻገረ ሰሞን አባባን «ልጅህን የት ደበቅኸው?» ብለው ወስደው አራት ወር አሰሯቸው። ሲወጡ አንድ ደብዳቤ ጻፉለት። «ልጅ ነበረኝ፣ ዛሬ የለኝም» የሚል ነው። ገመዳም መልስ አልሰጠም። ስድስት ዓመት ሙሉ ገመዳ ለእኔ ይጽፋል፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ አባባ ከጎኔ ተቀምጠው እንዳልሰሙ ሆነው ይሰማሉ። ኑሯችን ይህ ነበር። ልጁ ይህን አንገተ ደንዳናነት ከየት አመጣው ብለሽ ከሆነ፣ ይኸው። ይህን ሁሉ በግልጥ የምጽፈው ደብዳቤውን ወደ ናይሮቢ የሚሄድ ወንድም ከዚያ እንዲልከው ስለያዘልኝ ነው።

አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። እናታችን ስትሞት ገመዳ ገና ድክ ድክ ይል ነበር፤ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እኔ እዚያ ስለሌለሁ በእኔ ቦታ ቁሚ። መርዶውን ብቻሽን እንዳትነግሪው። ሽማግሌዎች ሰብስቢ፤ ጎህ ሲቀድ፣ በገዛ ቤቱ፣ በዘመድኩን አፍ ይነገረው። ሥራ ቦታ፣ ወይ መንገድ ላይ፣ ወይ እህል በአፉ ሳለ እንዳይሰማ። እስከዚያ ፊትሽን ጠብቂ። የሚያባብለው ሰው በዙሪያው ከሌለ ያ ልጅ ሐዘኑን ወደ ውስጥ ይውጠዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው የለም። እንደተነገረው ጻፊልኝ። ማልቀሱን ሳልሰማ ልቤ አያርፍም። የሚያስቸኩል ነገር ከመጣ የጎረቤታችን የተክለ ጻድቅ ሱቅ ስልክ አለው፣ ቁጥሩን ገመዳ ያውቀዋል።

ለከባድ ነገር የሚሆን ጉልበት ጌታ ይስጥሽ።

እህትሽ ውባንቺ ኡርጌሳ


ሲያትል፣ ኦገስት 8 ቀን 1986

ለማከብርዎት ለእትዬ ውባንቺ፤

ሐዘንተኞችን የማይረሳ አምላክ ቤትዎን ይጎብኝ፣ ያጽናዎት። አባባን በዓይነ ሥጋ ሳላያቸው መቅረቴ ቆጭቶኛል። በገመዳ ዝምታ ውስጥ ግን በየቀኑ አብረውን ይኖሩ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ከቤቱ ሰዎች ሁሉ እሳቸው ይበረቱ ነበር።

ደብዳቤዎን ዘመድኩን የሰጠኝ ትናንት ነው። ሌክ ሲቲ፣ በአንድ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ከጸሎት በኋላ ወንበር ሲታጠፍ ጠራኝ። ዘመድኩን አሁን ማውንትሌክ ቴራስ ይኖራል፣ ታክሲ ይነዳል። ገመዳ ሥራ ላይ ነበር። ዶርቃ ጥግ ላይ ሥዕሏን ትቀባ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ከታጠፉት ወንበሮች አንዱን ዘርግቼ ተቀመጥኩ።

ነገሩን ያከፋው ነገ ጠዋት መንገድ ልንወጣ መሆኑ ነው። ካምፒንግ ይሉታል። ቤት እያለዎት ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው ማደር ነው፤ ለዚያውም ከፍለው። ገመዳ «ለካ ገዳሪፍ ስደተኛ ሰፈር ድንኳን ውስጥ ያደርነው ዕረፍት ወጥተን ኖሯል» እያለ ይቀልዳል። በውቅያኖሱ ዳር ዳር ወደ ደቡብ ወርደን፣ በሁለት ብሔራዊ ፓርኮች አልፈን፣ ካሊፎርኒያ ጫፍ ደርሰን እንመለሳለን። እዚህ ከመጣን ወዲህ ፈቃድ ሲወስድ ይህ የመጀመሪያው ነው። መሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ አንድ ሰው በጭንቅ በምትይዝ ዳስ ተቀምጦ ቲኬት ሲቆርጥ ይውላል። የሰውን መኪና ሲያስገባና ሲያስወጣ የኖረ ሰው አሁን የራሱን ሊነዳ ነው። ካርታውን ከማየቱ ብዛት እጥፋቱ ተቀዷል።

«ዛሬ እንንገረው» አልኩት ዘመድኩንን።

«ኖ፣ ኖ፣ እህቴ። በማታ መርዶ ይነገራል? ነገ ጠዋት ደግሞ ሰው የለም። ከሽማግሌዎቹ ግማሹ ናይት ሺፍት ነው፣ ገብረሕይወት ፖርትላንድ ሄዷል።»

«እንግዲያው ጉዞው ይቅር።»

«ካንስል ካደረጋችሁትማ ሰስፔክት ያደርጋል። ሶ፣ ሄዳችሁ ኑ። ቅዳሜ ትመለሳላችሁ አይደል? እሑድ ጎህ ሲቀድ ሁላችንም ቤታችሁ ነን።»

«በመንገድ ላይስ እኔ ምን ልሁን?»

«ምንም አትሁኚ። መንገድ ላይ እንዳይሰማ ብለው እትዬ ውባንቺ ራሳቸው ጽፈው የለም?»

እሺ አልኩ። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ፊትሽን ጠብቂ ብለውኛል፣ ዛሬ ስጠብቀው ዋልኩ። ሊንውድ፣ አዛውንቶች የምጦርበት ሥራዬ ድረስ መጥቶ ሲወስደኝ «ምን ሆነሻል?» አለኝ። ጥርሴን አልኩት። ማታ ቅርንፉድ ፈልጎ አመጣልኝ። እትዬ፣ ሰው ደግ ሲሆንብዎት መዋሸት እንዴት ይከብዳል።

ከጉዞው ስንመለስ እጽፋለሁ። ይጸልዩልን።

አክባሪዎ አዲስአለም


ነቀምቴ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአዲስአለም፤

የጌታ ምሕረት ከቤታችሁ አይራቅ። ድምፅሽ ቢጠፋብኝ ደግሜ ጻፍሁ። ይህኛው በተራ ፖስታ ስለሚሄድ አጭር ነው።

ገመዳ ሰማ ወይ የሚለኝ ሰው በዛ። የእድሩ ድንኳን ከተነሳ ቆይቷል፤ አግዳሚ ወንበሮቹን ግን የልጁን ለቅሶ ሳልሰማ አልመልስም ብዬ ግቢዬ አስቀርቻቸው ነበር። የእድሩ ዳኛ ሀብተ ጊዮርጊስ ሌላ ለቅሶ ደርሶብናል ብሎ ትናንት አስጭኖ ወሰዳቸው። ደጁ ባዶ ሲሆን አባባ ልክ ያን ዕለት የሞቱ መሰለኝ።

አንቺ ዝም ስትዪ እኔ ክፉ ክፉውን አስባለሁ። ተነግሮት ታመመ? ወይስ ጭራሽ አልነገራችሁትም? ሰነበተ ብለሽ አትፍሪ፣ ብቻ ሥርዓቱ አይጉደል። እንዴት እንዳለቀሰ፣ ማን እንደያዘው፣ እህል መቼ እንደቀመሰ ጻፊልኝ። እዚህ ክረምቱ ከብዷል። እኔም ሆዴን ትንሽ ያመኛል፤ ከሐዘኑ ነው ይላሉ።

ዶርቃን ሳሚልኝ።

ውባንቺ


ሲያትል፣ ኦገስት 31 ቀን 1986

ለማከብርዎት ለእትዬ ውባንቺ፤

የልብን ሁሉ የሚያውቅ ጌታ ይህን ደብዳቤ የሚያነቡበት ብርታት ይስጥዎት። ጀምሬ የቀደድኩት ብዙ ነው። አሁን ሳልቆም እጽፈዋለሁ።

የመጀመሪያው ማደሪያችን ካላሎክ የሚባል ቦታ ነበር፤ ከውቅያኖሱ በላይ ከፍ ያለ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ያካፋ ነበር። ገመዳ ድንኳኑን ሲተክል፣ ካስማውን በድንጋይ ሲመታ፣ እኔ ይታየኝ የነበረው በእርስዎ ደጅ የተተከለው የአባባ የለቅሶ ድንኳን ነው። እሱ ግን እያፏጨ ነው። «ያዢልኝ እንጂ፣ ምን ፈዘሽ ቀረሽ?» አለኝ። ያዝኩለት።

ከዚያ ወደ ባሕሩ ወረድን። ዋርካ የሚያካክሉ ግንዶች ባሕሩ አምጥቶ ዳር ላይ ከምሯቸዋል፤ ማዕበል ሲነሳ ሰው ይገድላሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል። ዶርቃ ግንድ ለግንድ ትዘላለች። ገመዳ ወደ ውሃው እያየ «አባባ ባሕር አይተው አያውቁም» አለ። በጎልማሳነታቸው ምፅዋን ለማየት ተነስተው መኪናው ደሴ ላይ ተሰብሮ እንደተመለሱ፣ ይህንንም ሁልጊዜ ያወሩ እንደነበር ነገረኝ። ከተጋባን ጀምሮ አባቱን በራሱ አንደበት ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም። የዚያን ቀን ምን እንዳነሳበት አላውቅም፤ ባሕሩ ይሆናል። ተመልሶ ከመንገድ ዳር ሱቅ ሥዕል ያለባቸው የፖስታ ካርዶች ገዛ።

እንጨት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ጃኬቱን ለካርዱ የዝናብ መከለያ አድርጎ ጻፈ። «ቴምብር አለሽ?» አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። እትዬ፣ ለሞተ ሰው በተጻፈ ካርድ ላይ በገዛ ምላሴ ልሼ ቴምብር ለጠፍኩለት። አፌን ከፍቼ ነበር። ዙሪያዬን ሳይ ግን ያሉት ሥጋ የሚጠብሱ ፈረንጆች ናቸው፤ ማን ሊይዘው፣ ማን ሊያባብለው? የእርስዎ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበረ። አፌን ዘጋሁ።

በማግስቱ ኦሪገን ገባን። እየነዳ መዝሙር ይዘምራል። በአንዱ ማደሪያ ራኩን የሚሉት አውሬ መጥቶ ዳቧችንን ከነላስቲኩ ይዞ ሲሮጥ፣ ገመዳ በካልሲ አባረረው፤ ሳይደርስበት ቀርቶ ጭቃ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ዶርቃም አይታው አታውቅም፤ ደንግጣ ታየው ነበር። ከዚያም ሁለተኛ ካርድ ጻፈ፤ ስለ ዳቦው ሌባ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው። እሱ ቀለል ባለው ቁጥር እኔ ከበደኝ።

ሦስተኛው ካርድ ካሊፎርኒያ፣ ቀይ ግንድ ያላቸው ዛፎች ፓርክ ውስጥ ነው የተጻፈው። አንገትዎ እስኪቀጭ ቢያንጋጥጡ ጫፋቸው አይታይም፤ ከሥራቸው ቀኑም ጨለማ ነው። ጠዋት ቁርስ ላይ ብዙ ጊዜ ወስዶ ጻፈና አነበበልኝ። «አባባ፣ በእኔ ምክንያት ታሰሩ። እኔ በእርስዎ ፈንታ ልታሰር አልቻልኩም፣ ይቅርታም ሳልጠይቅዎት ኖርኩ። ይቅር ይበሉኝ። መልስዎን እጠብቃለሁ።» ከዚያ ቀና ብሎ «ይመልሱልኝ ይሆን?» አለኝ። «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩት። እንዲህ ብዬ መለስኩለት።

ካርዱን ለዶርቃ ሰጣት። «ከሥሩ ስምሽን ጻፊ፣ አያትሽ እንዲያዩት።»

ዶርቃ አልተቀበለችውም። እኔን አየችኝ። ከዚያ «በት ዳዲ፣ ግራንድፓ ዳይድ» አለችው። «ማሚ ኖውስ።»

አያቴ እኮ ሞተዋል፣ እማዬም ታውቃለች ማለቷ ነው። ያን ዕለት ምድር ቤት ውስጥ ስንመካከር ሰምታናለች። ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ስለሚመልሱልን በአማርኛ የምንለውን የማይሰሙ ይመስለናል። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል፤ ይህኛው ሁለቱም ብስል ነበረ። ኦሪገን ላይ አባቷ ሲስቅ ደንግጣ ታየው የነበረው ለዚህ ኖሯል። እንግዲህ ገመዳ የአባቱን መርዶ ከልጁ አፍ፣ በእንግሊዝኛ፣ መንገድ ላይ፣ እህል በአፉ ሳለ ሰማ። እንዳይሆን ብለው የጻፉልኝ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሆነ።

የጎረሰውን ዋጠ። «ማን ማን ያውቃል?» አለኝ።

«ዘመድኩን፣ ገብረሕይወት፣ የጸሎት ኅብረቱ...»

«ከእኔ በቀር ሁሉም» አለ።

ከዚያ ካርዱን ወደ ራሱ ስቦ ከግርጌው አንድ ነገር ጨመረ፤ ምን እንደሆነ አላየሁም። ተነስቶ ፓርኩ ቢሮ ደጅ ካለው የፖስታ ሣጥን ከተተው። ተመልሶ ድንኳኑን ነቀለ።

እስከ ሲያትል ሁለት ቀን ነዳ፤ ከዶርቃ በቀር ከሰው አልተነጋገረም። እሑድ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደሰማ ልነግራቸው ደውዬ ነበር፤ ዘመድኩን ግን «ቢሆንም ሥርዓቱን እናድርስለት» አለ። ገመዳ ኮትና ክራባቱን አድርጎ በሩን ራሱ ከፈተላቸው። ወንበር ደርድሮ ጠበቃቸው። ዘመድኩን «ሰው ምንም ቢኖር እንግዳ ነው» ብሎ ሲጀምር፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ሁሉም አለቀሱ። እሱ አላለቀሰም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደክማችኋል» ብሎ ሸኛቸው።

አሁን የሚተኛው ሳሎን ነው። የሚፈልገውን በዶርቃ በኩል ይልካል፣ «ቴል ዩር ማም» እያለ። ልጅቷ በእኛ መካከል መልእክተኛ ሆና ሰለቸች፤ ጥፋቱ የእሷ እየመሰላት ማታ ማታ ታለቅሳለች። የማቅፋት እኔ ነኝ፣ የሚያቅፈኝ ግን የለም። ተናድጄበታለሁ፣ አዝኜለታለሁም፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

ይህን የጻፍኩት እንዲያማልዱኝ አይደለም። አንድ ነገር ግን በዶርቃ አፍ ልኮብኛል፤ እትዬን ጠይቂያት ብሏል። አባባ ስሙን ጠርተውት ነበር ወይ?

ያዘዙትን ባለመፈጸሜ ይቅር ይበሉኝ። ወይም በመፈጸሜ።

አዲስአለም


ነቀምቴ፣ መስከረም 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለአዲስአለም፤

ዘመን ያሸጋገረን ጌታ የተጣላውን ያስታርቅ፣ የተሰበረውን ይጠግን። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ሲደርሱኝ ካርዶቹ ቀድመው ደርሰው ነበር።

የመጀመሪያው በጳጉሜ መጣ። ተክለ ጻድቅ ከፖስታ ቤት ይዞት ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። «ውባንቺ፣ ለአባባ ነው የሚለው» አለኝ። ከገጠር ዘግይተው ሊያስተዛዝኑ የመጡ ሴቶች ተቀምጠው ነበር። ሥዕሉ ባሕር ነው። «አባባ፣ ዛሬ ባሕር አየሁልዎት» ይላል። ሴቶቹ እንደ አዲስ ቀብር ጮኹ፤ አማኝ እንዲህ አይጮኽም ብሎ የሚገስጽ ወንድም ተቀምጦ ነበር፣ እሱም ፊቱን አዞረ። አባባ ስድስት ዓመት የጠበቁት ደብዳቤ ነው እኮ። እኔ የጮኽሁት ለአባባ አይደለም። የሚጽፈው ልጅ ምንም እንዳላወቀ ስለገባኝ ነው። ያን ቀን በአንቺ ላይ ያልሁትን ጌታ አይቁጠርብኝ። ሁለተኛው ስለ ሌባው አውሬ ሲመጣ ማንም ቤት ውስጥ አልነበረም፤ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስሁ። በሦስተኛው ግርጌ «አሁን ሰማሁ» ይላል። ሌላ የለውም።

አዲስአለም፣ ጥፋቱን አንቺ አትሸከሚው። ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ይህ ሥርዓት የተሠራው ሰው ሁሉ በአንድ ቀበሌ ሲኖር ነው፤ ማታ የሞተውን ልጁ ጎህ ሲቀድ ይሰማል፣ የሚሸሸገውም የአንድ ሌሊት ነገር ነው። እንደ እናንተ ሩቅ ቦታ ላለ ሰው ሌሊቱ ወር ይሆናል። እኔ ይህን አላሰብሁትም። ለልጁ ያዘንሁለት መስሎኝ ሁላችሁንም ሸንጋይ አደረግኋችሁ።

ለጠየቀኝ መልሱን ይኸው ለራሱ አንብቢለት።

ገመዳ፣ አባባ ስምህን አልጠሩም። ጠርተውህ ነበር ብዬ ልጽፍልህ እችል ነበር፤ ከእንግዲህ ግን ለአንተ የሚለሰልስ ነገር አልፈጥርም። ሊያርፉ ሰሞን፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ «ያ ልጅ ያለበት አገር ይዘንባል?» አሉኝ። «በብዛት ይዘንባል ይላል» አልኋቸው። «ደግ» አሉ። ያሉት ይኸው ነው። ይቅርታ ብለህ ከወሰድኸው ውሰደው። እኔ ወስጄዋለሁ። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ልንገርህ። ለአባትህ ስድስት ዓመት ዘጋህ፣ ምን እንዳተረፍህ አየህ። ለሚስትህ ስንት ዓመት ልትዘጋ ነው? ያቺን ልጅ መካከል አቁመህ?

አዲስአለም፣ ወደ አንቺ ልመለስ። ሆዴ ያልሁሽ ከሐዘኑ አይደለም። እጢ ነው ብለውኛል። በተክለ ጻድቅ መኪና አዲስ አበባ ወርጄ ጥቅምት 10 ቀን ኦፕራሲዮን እደረጋለሁ። ይህን የምነግርሽ በግልጥ ነው፤ «ትንሽ አመማት» እንዳትዪለት። ከዚህ ደግሞ አንድ ክፉ ወሬ ቢመጣ ለእኔ ሽማግሌ አትሰብስቢ፣ ጎህ እስኪቀድ አትጠብቂ። በሰማሽበት ሰዓት ንገሪው። መኪና ላይ ይሁን፣ ጉርሻ በአፉ ይሁን፣ ንገሪውና አንቺ ያዢው።

እጄ ስለደከመ እዚህ ላይ ይብቃኝ። ጌታ ቤታችሁን በሰላም ይክደነው።

ውባንቺ


ሲያትል፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1986

ለምንወድዎት፣ ለምንናፍቅዎት ለእትዬ ውባንቺ፤

በየትም ብንሆን የሚሰማን አምላክ ይህን ሰላምታ በጤና አልጋዎ ላይ ያድርስልን።

ደብዳቤዎ ሰኞ ደረሰኝ። ፖስታ ሣጥኑ ጋ ቆሜ አነበብኩት። ጥቅምት 10 አልፏል። ማታ እስኪመጣ አልጠበቅኩም፤ ለዘመድኩንም አልደወልኩም። አውቶቡስ ይዤ ሥራው ድረስ ሄድኩ። ዳሱ ፊት ስቆም የሚወጣ መኪና ከኋላዬ ጡሩምባውን ይነፋል። በመስኮቱ «እትዬ ውባንቺ ታማለች፣ ኦፕራሲዮን ቀኗ አልፏል፣ የሆነውን አላውቅም» አልኩትና ደብዳቤውን ሰጠሁት። እዚያው አነበበው። የባለ መኪናውን ጩኸት አልሰማም። ሲጨርስ መዝጊያውን ከፍ አድርጎ ሰውየውን በነፃ አሳለፈው፤ ኮቱን አንስቶ ወጣ። «ነይ፣ እንደውል» አለኝ። ከኦገስት ወዲህ ለራሴ የነገረኝ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው።

መንገድ ላይ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናውን አቆመና አለቀሰ። ስለ አባባ መሆኑ ነው፣ ወይም ስለ ሁላችሁም። ያዝኩት። ሽማግሌ አልነበረም፣ ፓርኪንግ ነው፤ ሰው እያለፈ ያየናል። እንዴት እንዳለቀሰ ጻፊልኝ ብለውኝ ነበርና ይኸው፤ እንደ ልጅ ነው፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ።

ሁለት ቀን መስመር አልተገኘም። ትናንት የተክለ ጻድቅ ሱቅ ተገኘ። ጆሮዬን ከጆሮው ጋር አጋጥሜ ሰማሁ።

«እትዬ እንዴት ናት?» አለው ገመዳ።

«ደህና ናት፣ ደህና ናት።»

«ኦፕራሲዮኑስ?»

«ሁሉም ደህና ነው። አንተ ብቻ በርታ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ገመዳ፣ አጠገብህ ሰው አለ?» አለው።

«ሚስቴ አለች።»

«ሌላስ? ዘመድ፣ ሽማግሌ?»

«ተክለ ጻድቅ፣ ንገረኝ።»

«ደህና ናት አልኩህ እኮ። በል እንጽፍላችኋለን» አለና መስመሩ ተቋረጠ። በድጋሚ ስንደውል አይነሳም።

እትዬ፣ አጠገብህ ሰው አለ የሚባለው መቼ እንደሆነ እኛም እናውቃለን። ወይም ሰውየው በእርግጥ ለእኛ ተጨንቆ ነው፤ ሕመምዎ ጠንቶ ሊሆን ይችላል፣ ድነው ተኝተውም ይሆናል። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ሁለታችንም ተነስተን ለብሰን ተቀመጥን። አንዳችን ለአንዳችን ለምን እንደተነሳን አልተጠያየቅንም። በሩን ያንኳኳ የለም። ጠዋት ዘመድኩን ዘንድ ሄጄ «የሰማኸው ነገር አለ?» አልኩት። «ምንም» አለኝ። ፊቱን ትክ ብዬ አየሁት። እኔም ያን ሳምንት ሙሉ እንዲህ ያለ ፊት ይዤ ከርሜ ነበርና፣ ከፊቱ እውነቱን መለየት አልቻልኩም። እንዳላለቅስ ማንም አልነገረኝም፤ እንዳልደሰት የተክለ ጻድቅን ድምፅ ሰምቻለሁ።

ገመዳ አሁን አጠገቤ ነው ያለው። ለማን ልጻፍ ስለው «ለእሷ ነዋ፣ ለሌላ ለማንም አትጻፊ» አለኝ። ስለዚህ ለእርስዎ ጻፍን። አንድ መስመር ይበቃናል፤ ብቻ በገዛ እጅዎ ይጻፉት። ሌላ ሰው ደህና ናት ቢለን አናምንም።

አዲስአለም እና ገመዳ